ሆድ ያለው ሸራ

ባህሩ ስሙ ባህሩ ይሁን እንጂ ባሕር አይቶ አያውቅም። ከሰላሌ ተነሥቶ ጅጅጋ እስኪደርስ ያየው ውኃ ሁሉ በአውቶቡስ መስኮት ያየው ነው፤ የሐረማያ ሐይቅ እንኳ እሱ ሲሄድ ሲመለስ ዓይኑ እያየ ደረቀ። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በ2007 ዓ.ም. ዓለምን በሸራ ጀልባ የሚዞሩ ፈረንጆችን ውድድር የሚከታተል፣ ቢጫዋ ጀልባ ስትቀደም ምሳ አልበላ የሚል ደጋፊ ሆኖ የተገኘው። ሚስቱ እናትአለም፣ “እኔ ያገባሁት ልብስ ሰፊ ነበር፤ መርከበኛ መቼ እንደገባብኝ አላውቅም” ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ልብስ ሰፊነቱም ቢሆን የድሮ ነው። ፍቼ ላይ አንዲት የታወቀች ቀሚስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥሮ ሙያውን ተማረ፤ ጅጅጋ ከመጣ ወዲህ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፋው ሸራ ብቻ ነው፣ የጭነት መኪና ሸራ። ከሸራው ሥር ስኳር ይሁን፣ ሩዝ ይሁን፣ ስሙ የማይጠራ ነገር ይሁን እሱን አያገባውም። እሱን የሚያገባው አንድ ነገር ነው፤ ሸራ መወጠር አለበት። የተወጠረ ሸራ ዝናብ አያቁርም፣ መንገድ ላይ እየተርገበገበ ሹፌር አያሳብድም። የባህሩ ሸራ ከታሰረ በኋላ በጣት ቢነኩት እንደ ከበሮ ይመታል፤ እስከ ቶጎ ውጫሌ ያሉ ሹፌሮች ይህን ይመሰክራሉ፤ እሱም ምስክርነታቸውን ደጋግሞ መስማት አይሰለቸውም።

ከሱቁ ጎን የደሃቦ ሻይ ቤት አለ። መካከላቸው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ባህሩ የሻይ ቤቱን ወሬ ሳይጠራ ይሰማል፤ ደሃቦም የስፌት መኪናውን ጩኸት ስትሰማ ትውላለች። ደሃቦ ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቱን ብቻዋን ያቆመች፣ ጮክ ብላ የምትናገር፣ ቴሌቪዥኗን ከልጆቿ ለይታ የማታይ ሴት ናት። ቅዳሜና እሁድ ቤቱ የኳስ ወዳጆች ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ግን ከመስጊድ መልስ ሰዉ ጫቱን ይዞ ወደየቤቱ ስለሚከተት ጭር ይላል።

በዚህ ጭርታ ነው አዴር ባሬ ውድድሩን ያገኙት። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ባሬን ግን ዘመድም ባዳም አዴር ይላቸዋል። ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው የበርበራ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በአባታቸው የሸራ ጀልባ ከኤደን በርበራ ሲመላለሱ አደጉ፤ ኋላም በትልልቅ መርከቦች ላይ ብዙ ዓመት ሠሩ። ጦርነቱ በ1980 ዓ.ም. ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ አመጣቸው፤ ሰላም ሲሆን ሌሎቹ ተመለሱ፣ እሳቸው ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ሲጠየቁ ምክንያታቸው በየጊዜው ይለያያል።

አንድ ዓርብ ደሃቦ የቱርክ ድራማዋን ፍለጋ ጣቢያ ስትቀያይር አንድ የዓረብ ስፖርት ጣቢያ ላይ ስድስት ጀልባዎች ብቅ አሉ።

“ተይ! እንዳትነኪው!” ብለው ጮኹ አዴር ባሬ፤ ሻያቸው ጉልበታቸው ላይ ተደፋ።

ባህሩ ሰው የተጣላ መስሎት መቀሱን እንደያዘ ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰማዩን የሞላ ቢጫ ሸራ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ማዕበሉን ያይ ነበር፤ ወይ የጀልባዋን ዘንበል ማለት አይቶ ይደነግጥ ነበር። ባህሩ ያየው ስፌቱን ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድም የተሸበሸበ ቦታ የለውም።

“ማን ነው የሰፋው?” አለ።

አዴር ባሬ ዞረው አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ስለ ባሕር ሲያወሩ ሰው የሚጠይቃቸው ስለ ሻርክና ስለ ኤደን ቆነጃጅት ነበር። ስለ ሸራ ሰፊው የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አላጋጠማቸውም።

“ና ተቀመጥ” አሉና ቦታ ለቀቁለት። “እኛ ሽራዕ እንላለን፤ እናንተ ሸራ ትላላችሁ። ቃሉ አንድ ነው። ያንተ መኪና ላይ ይተኛል፣ የእኔ ጀልባ ላይ ይቆማል። ሌላ ልዩነት የለውም።”

ይህች የመጨረሻዋ ንግግር ኋላ ብዙ ጣጣ አመጣች። ያን ቀን ግን ለሁለቱም ጣፈጠቻቸው።

እንዲህ ደጋፊ ሆኑ። ሦስተኛዋ ደሃቦ ናት፤ ቤቱም ቴሌቪዥኑም የእሷ ነውና ማን ይከለክላታል። አራተኛው የጂኦግራፊ መምህሩ ማቲዎስ ነው። ሻይ ሊጠጣ ገብቶ ተወዳዳሪዎቹ የት እንዳሉ ቢጠየቅ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳ፤ በሳምንቱ የዓለም ካርታ ይዞ መጥቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ባህሩ ደግሞ የተሰበሩ የሸራ መርፌዎች አመጣ። በእያንዳንዱ መርፌ ላይ የጀልባዋን ቀለም ክር ጠምጥመው ካርታው ላይ ሰኳቸው። ፕሮግራሙ በሳምንት አንድ ጊዜ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት ይታያል፤ መብራት ካልጠፋ ማለት ነው። ውድድሩ ዘጠኝ ወር ይፈጃል፤ አንዱን ወደብ ይነኩና ሌላውን ፍለጋ ይወጣሉ።

ቢጫዋን የመረጡት አዴር ባሬ ናቸው። በሌሎቹ ጀልባዎች ላይ ያሉት ወጣቶች ለካሜራው ይስቃሉ። ቢጫዋ ላይ ግን አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ባልዲ ላይ አጎንብሶ አስታወከ፤ አፉን ሳይጠርግ ተነሥቶ ገመዱን አሰረ።

“ይሄ የእኛ ነው” አሉ አዴር ባሬ፤ ክርክሩ በዚያው አለቀ። ራሰ በራው ሰውዬ የታወቀ ተሸናፊ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም፤ ቢጫዋ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ወይ መጨረሻ ናት፣ ወይ ከመጨረሻ አንድ ከፍ ያለች ናት። ደሃቦ በየሳምንቱ፣ “ሌላ እንምረጥ፣ አሁንም አልረፈደም” ትላለች፤ በየሳምንቱም ቢጫዋ ስትቀደም ቀድማ የምትጮኸው እሷ ናት።

ጥር ላይ አዴር ባሬ ለወትሮው ከሚቀመጡበት ተነሥተው ወደ ባህሩ ሱቅ መጡ። በርበራ ያለው የወንድማቸው ልጅ ካሂን አባታቸው የሠሯትን ጀልባ ይዞ ዓሣ ያጠምዳል። ሞተሯ ነዳጅ ጠጥቶ አልጠግብ ስላለው፣ እንደ ድሮዋ በሸራ ካልሄደች ለእንጨቷ ብሎ ለሚፈልጋት ሰው ሊሸጣት ነው። ከአባታቸው የቀረቻቸው ዕቃ እሷ ብቻ ነበረች።

“ሸራ ስፋላት” አሉት።

“አዴር፣ እኔ እኮ ባሕር አይቼ አላውቅም። የመኪና ሸራ ቢቀደድ ስኳር ነው የሚረጥበው። ይሄ ቢቀደድ ሰው ነው።”

“ሐርተሼክ ትዝ ይልሃል?”

እንዴት ትዝ አይለው። የተገናኙት እዚያ ነው። ባህሩ በ1985 ዓ.ም. ለሥራ ፍለጋ ካምፑ ጥግ ተቀምጦ የተቀደደ ድንኳን ይጠግን ነበር፤ አዴር ባሬ የእሳቸውን ተሸክመው መጡ።

“ያ ሜዳ ሙሉ ድንኳን በንፋስ ይጮህ ነበር” አሉ። “አንተ የጠገንክልኝ አልጮኸም። ዝም አለ። በደንብ የተሰፋ የጀልባ ሸራም ንፋስ ሲሞላው እንደዚያ ዝም ይላል፤ የሚናገር ከሆነ ንፋሱን እያባከነ ነው። ለካሂን ምዬለታለሁ፤ የሚሰፋው ሰው ስሙ ራሱ ባሕር ነው ብዬዋለሁ።”

በዚህ ሁሉ ላይ ምን ይባላል? ካሂን ልኩን በስልክ ነገራቸው፤ ባህሩ ያለውን ምርጥ የጥጥ ሸራ አወጣና ሥራውን ሁሉ ትቶ ሦስት ሳምንት ሰፋ። ሦስት ማዕዘን ነው፣ ጠርዙ እጥፍ ድርብ ነው፣ ክሩ በሰም የታሸ ነው። ስፋቱ ሱቁ ውስጥ ስለማይዘረጋ አዴር ባሬ ያዩት እንደታጠፈ ነው፤ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ዳብሰው “ማሻአላህ” አሉ። ባህሩ ደስ አለው። ሲወጠር እንደ ሚዛን የተስተካከለ ይሆናል ብሎ በልቡ እርግጠኛ ነበር፤ ልክም ነበር። ችግሩ እዚያው ላይ ነው።

በመጋቢት አንድ ሹፌር ከበርበራ ሲመለስ ሸራውን መልሶ አመጣው። ዓርብ ስለነበረ አራቱም ሻይ ቤት ነበሩ፤ ሹፌሩም ነገር መሸከም የማያውቅ ሰው ስለነበረ የተላከውን መልእክት በቁሙ አራገፈው።

“ካሂን ለአዴሩ ሰላምታ ይላል። ሸራው ንፋስ አይዝም ይላል። ጀልባዋ አልሄደችም፤ ሸራው ግን ቀኑን ሙሉ ሲናገር ዋለ ይላል። ስፌቱ ግን የሚያስቀና ነው ይላል” ብሎ ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ “ለአይሱዙ።”

ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ደሃቦ ራሷ ልትስቅ ከጀመረች በኋላ የባህሩን ፊት አይታ ተወችው። አዴር ባሬ አልሳቁም፤ ብርጭቋቸውን ብቻ ያያሉ። በሶማሌ ዘመድ መካከል የማሉለት ነገር እንዲህ ሲመለስ ምን ያህል እንደሚያዋርድ ባህሩ ለማወቅ በቂ ዓመት ኖሯል። ቅስሙ ስብር አለ። ሸራውን ተሸክሞ ወጣ፤ የሚቀጥለው ዓርብ አልመጣም፤ ከዚያ የሚቀጥለውም ዓርብ እንዲሁ አልመጣም።

በሦስተኛው ሳምንት አዴር ባሬ ሱቁ ድረስ እያነከሱ መጡና የክር ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

“ቢጫዋ መጨረሻ ሆናለች” አሉ።

“ሰምቻለሁ። በቆርቆሮው ይሰማል።”

“ካሂን ባሕር ተዘግቶ እስኪከፈት ይጠብቃል።” በርበራ ላይ በክረምቱ ንፋስ ባሕር ይዘጋል ይላሉ፤ ጀልባ የሚወጣው መስከረም ነው። “በመስከረም ሸራ ካልኖራት ይሸጣታል። ገዢው ቀብድ ሊሰጠው ነው።”

“አዴር ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ ሰው ይፈልጉ። ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቀውም። ሲወጠር አንድ ጣት የሚያህል እጥፋት የለውም እኮ!”

“ሌላ ሰው አላውቅም” አሉ አዴር ባሬ። “እኔም ምን እንደሆነ አላውቅም። ስይዘው ኖርኩ እንጂ ሰፍቼ አላውቅም።” ለሁለት ሰው የሚበቃ ሐፍረት እዚያች ሱቅ ውስጥ ነበረ፤ ባህሩ ግን የእሳቸው ነው የከበደው።

በሚያዝያ አንድ ዓርብ ቆርቆሮው በጡጫ ተደበደበ።

“ባህሩ! ዋርያ ባህሩ! ና፣ እየሰፉ ነው!” ደሃቦ ናት። “የቢጫዋ ሸራ ተቀዷል፣ እየሰፉ ነው፣ ና!”

ጨክኖ ሊቀር አስቦ ነበር። ግን “እየሰፉ ነው” የሚለውን ቃል ሰምቶ መቀመጥ ከዐቅሙ በላይ ሆነበት፤ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክቶ ሮጠ።

ጀልባዋ ውስጥ ጠባብ ክፍል አለ። ራሰ በራው ሰውዬና አንዲት ወጣት ሴት ቢጫውን ሸራ ወለሉ ላይ ዘርግተው ተንበርክከዋል። ሰውዬው ቅዱን ለመግጠም በመዳፉ አንዱን ጎን ይጫናል፤ ሌላው ጎን ይነሣል። ያንን ሲጫን ይሄኛው ይነሣል። ሴትዮዋ በጉልበቷ ያዘችለት፤ አሁንም መካከሉ ላይ እብጥ አለ።

“አልተኛ አለ እኮ!” አለ ማቲዎስ።

ባህሩ ቴሌቪዥኑ ፊት ሄዶ ቆመ፤ ደሃቦ “አትከልለን!” ብላ ብትጮህም አልሰማትም። ሸራው አይተኛም። ሰፊው እንዲተኛ አድርጎ አልሰፋውም። አንዱ ቁራጭ ጠርዙ ጎበጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ሌላው ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስገድዶ ሲሰፋቸው ጨርቁ መተኛት ትቶ ይነሣል፣ ሆድ ያወጣል። ይህን ነገር ያውቀዋል። ፍቼ ላይ ያቺ ቀሚስ ሰፊ በእንጨት ማስመሪያ ጣቱን እየመታች ያስተማረችው የመጀመሪያው ነገር ነው።

“ጡት ነው!” ብሎ ጮኸ ባህሩ።

ደሃቦ ሻሿን ወደ ፊት ሳበች።

“ምን አልክ አንተ? በዓርብ ቀን?”

“የቀሚስ ደረት ማለቴ ነው! የሴት ቀሚስ እንዴት ነው የሚሰፋው? ደረቱ ላይ ጠፍጣፋ ከሆነ ማን ይለብሰዋል? እኔ ለጀልባዋ የአልጋ ልብስ ነው የሰፋሁላት! ንፋሱ የሚቀመጥበት የላትም!” ወደ አዴር ባሬ ዞረ፤ ፊቱ በርቷል። “አዴር፣ ሌላ ልዩነት የለውም ብለውኝ ነበር። አለው። የእኔ ይወጠራል፣ የእርስዎ ያረግዛል።”

አዴር ባሬ ቴሌቪዥኑን አዩ። ከዚያ ግራ እጃቸውን አንሥተው አየር ላይ፣ ልጅ ሆነው ተኝተው ከሥሩ ያዩትን የአባታቸውን ሸራ ቅርጽ በመዳፋቸው ሳሉ። መዳፋቸው ጎበጥ አለ። “ሀየ” አሉ በቀስታ፤ “እንደዚህ ነበር።”

የራስን ስፌት መፍታት እንደማንም ሰው ስፌት አይደለም። ባህሩ ያን በሰም የታሸ ክሩን ሲቆርጥ በየነጥቡ ያመው ነበር፤ ግን አልዘገየም። ደሃቦ ደንበኛ ስታጣ ክር ትፈታለታለች። ማቲዎስ የሸራውን ቅርጽ ወረቀት ላይ አስልቶ ቢያመጣለት ባህሩ አመሰገነውና ወረቀቱን ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረገው፤ እሱ የሚለካው በአዴር ባሬ መዳፍ ነበር። “እስከዚህ ነው ወይስ እስከዚህ?” ይላቸዋል። “ትንሽ ከፍ፣ ወደ ፊት ገፋ” ይሉታል። ሁለቱ፣ ለእጮኛቸው ቀሚስ የሚያሰፉ ጎረምሶች ይመስል፣ አንድ ወር ተኩል እንዲህ ከረሙ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ተሰፍታ የዳነችው ቢጫ ጀልባ አንዷን አልፋ አምስተኛ ሆናለች፤ ካርታው ላይ መርፌዋን የሚያንቀሳቅሰው ባህሩ ነው።

የውድድሩ መጨረሻ በሰኔ ማለቂያ ዓርብ ላይ ዋለ። ሻይ ቤቱ ያን ቀን ሞልቶ ነበር፤ ወሬው የኳስ ወዳጆቹንም ስቧቸዋል። ቢጫዋና ቀይዋ ጎን ለጎን ናቸው፣ ለአምስተኛነት ነው የሚታገሉት፤ ደሃቦ ግን ለዋንጫ እንደሆነ አድርጋ ቆማለች። ወደቡ ታየ። ሰዉ ተነሣ። መብራት ጠፋ።

የተባለውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አይገባም። ጩኸቱ ሲበርድ የቀረው የንፋሱ ድምፅ ነበር፤ ሶማሌዎች ሐጋ የሚሉት የክረምት ንፋስ ጀምሯል፤ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል። አዴር ባሬ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው ሰሙት።

“ሸራው አልቋል?” አሉ።

“አልቋል” አለ ባህሩ።

“ታዲያ ምን እንጠብቃለን?”

የደሃቦ የውኃ ጋሪ በር ላይ ከአህያዋ ጋር ቆሟል። በርሜሎቹን አወረዱ። ባህሩ ከጎረቤት አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና አመጣና ጋሪው መካከል በገመድ ጠፍሮ አቆመው። ደሃቦ ዛፉን እያየች ሳቀች። “በእናንተ አማርኛ ባሕር የሌለበት ነገር የለም” አለች። “ዛፉ የባሕር፣ በቆሎው የባሕር ማሽላ፣ ሰውዬው ባህሩ። ባሕሩ ብቻ ነው የጠፋው።”

“አሁን ይመጣል” አሉ አዴር ባሬ። ከቱሊ ጉሌድ መንገድ ዳር ካለው ሜዳ ሲደርሱ በአራት ሰው ድጋፍ ጋሪው ላይ ወጡ፤ የሸራውን ገመድ እጃቸው ላይ ጠመጠሙ።

ሸራው ሲፈታ መጀመሪያ ተርገበገበ። አዴር ባሬ ገመዱን ሳብ፣ ለቀቅ፣ እንደገና ሳብ አደረጉት። ከዚያ ሸራው ጧ ብሎ ሞላ። ሆድ አወጣ። ጋሪው ነቅነቅ አለና ተነሣ፤ የአህያዋ መጎተቻ ጠፍር ላላ። ዕድሜዋን ሙሉ ጋሪ ስትጎትት የኖረች አህያ ጋሪ ሲገፋት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ዞር ብላ አየች፣ ያየችውን አልወደደችውም፣ መሮጥ ጀመረች። ሻይ ቤቱ በሙሉ ከኋላ ሮጠ። ኳስ ወዳጅ ነኝ ባዩ ሁሉ “ቢጫዋ! ቢጫዋ!” ይላል፤ ሸራው ነጭ መሆኑ ማንንም አላስጨነቀም። አዴር ባሬ መካከል ላይ ተቀምጠዋል፣ ጢማቸው በንፋስ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል፤ አይስቁም፣ አይጮኹም፣ ሸራውን ብቻ ያያሉ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልተመለሱ ሰው ሲጠይቃቸው የሚሰጡት መልስ ሁሉ ውሸት እንደነበረ ባህሩ ያን ጊዜ ገባው። ባሕሩን እያዩ መሣፈር የማይችሉ ሽማግሌ መሆን ፈርተው ነው።

ጋሪው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ባህሩ እያለከለከ ደረሰ።

“ተናገረ? ሸራው ተናገረ?” አለ። መንኮራኩሩ ሲንኳኳ፣ አህያዋ ስታናፋ፣ ሰዉ ሲጮህ እሱ ራሱ ምንም አልሰማም ነበር።

“መሬት ላይ አይታወቅም” አሉ አዴር ባሬ። ዓይናቸው ረጥቦ ነበር፤ አቧራውን አመካኙ። “እሱን ባሕር ነው የሚነግረን።”

በማግስቱ ማቲዎስ ቢጫዋ አምስተኛ መውጣቷን ይዞ መጣ። ደሃቦ ሻይ በነፃ ቀዳች። ካርታው ከግድግዳው አልወረደም፤ መርፌዎቹም እንደተሰኩ ናቸው። ሸራው በመጀመሪያው መኪና ወደ በርበራ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ክረምት ለባህሩ ረጅም ሆነበት። ካሂን ስልክ አላነሣም። ቀብድ ሊሰጥ የነበረው ሰው ምን እንዳደረገም አልታወቀም።

መስከረም ተጋመሰ። ዓርብ ነበር። አራቱ ከልማድ የተነሣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰብስበዋል፤ ቴሌቪዥኑ ስለ ግመል ሽቅድምድም ያወራል። የአዴር ባሬ ስልክ ጠራ። በሶማልኛ ጥቂት ቃል ተለዋወጡ፤ ከዚያ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይነበብ ስልኩን ለባህሩ ሰጡት።

“ካሂን ነው። ስማ ይላል።”

ባህሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። መጀመሪያ የሰማው ውኃ ነበር። በእንጨት ላይ ለስ እያለ የሚያልፍ፣ መጥቶ የሚመለስ፣ ብዙ ውኃ። ባሕር እንዲህ እንደሚሰማ አያውቅም ነበር። ከዚያ ሌላ ወፍ የመሰለ ነገር ጮኸ፤ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ሳለ። ባህሩ ትንፋሹን ይዞ የሚያውቀውን ድምፅ፣ የጨርቅ መርገብገብ፣ የሐርተሼክን ድንኳኖች ጩኸት ጠበቀ። ደሃቦ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋች። ባህሩ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ውኃ ብቻ ነው።

አዴር ባሬ ክንዱን ያዙት።

“ሸራው ምን ይላል?”

የባህሩ እንባ በጉንጩ ወርዶ ስልኩን አረጠበው።

“ምንም” አላቸው። “ምንም አይልም።”